ወደ ባህል ሙዚየም ስትሄዱ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ

እናቴ መስታወቱ ፊት ቆማ ትስቃለች። ድምፅ የለውም ሳቋ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም። እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ።» መነጽሯን ቤት ረስታው ነው የመጣችው።

አነበብኩላት። ግድግዳው ላይ ሁለት የእንጨት ዕቃ ተሰቅሏል። ጣት ጣት ካለው ሥር «ላይዳ» ይላል። እንደ አካፋ ሰፋ ካለው ሥር ደግሞ «መንሽ»።

«በዚህ ነው እንግዲህ እህል የሚበትኑት?» አለች ባለ ጣቱን በአገጯ እያሳየች። «በጣቶቹ መሃል ሾልኮ ሲያልቅ ምኑን ሊበትኑት ነው!»

ተገለባብጦ ነው የተለጠፈው። መንሽ ጣት ያለው ነው። ሲወቃ ገለባውን ያገላብጡበታል። ላይዳ ሰፊው ነው። እህሉን ወደ ላይ ይበትኑበትና እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት በዚያው ግድግዳ ሥር ቆሜ ለልጆቼ «ይሄ ላይዳ ይባላል» ብዬ አስረድቻለሁ። በሙሉ ልብ።

ሙዚየሟ ትንሽ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ እናቴ አገር ወደ መንዝ ስንሄድ ከምናልፍባቸው ከተሞች በአንዷ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ወደ በኋላ ትንሽ ማማረሬ ስለማይቀር። ሦስት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው ያላት። የገጠሩን ኑሮ፣ የእርሻውን ዕቃ፣ የበዓላቱን ልብስና መጫወቻ ሰብስባ ይዛለች። እንዲህ ዓይነት ሙዚየም ዛሬ በብዙ ዞንና ከተማ አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ የእኔን ስሕተት አትድገሙ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ነው ነገሩ የገባኝ።

የመጀመሪያው ጉብኝት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አላጋነንኩም። ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ ስድስት። ገባን፣ ዞርን፣ ወጣን። እያንዳንዱን ጽሑፍ እያነበብኩ «ይህ እንስራ ነው፣ ይህ አገልግል ነው፣ ይህ ስልቻ ነው» አልኩ። ትንሹ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሽንት ቤት ጠየቀ። ትልቋ «እማ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ቡናማ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንጨቱም ቆዳውም ሸክላውም ስንደዶውም በዚያ አምፖል ሥር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ስሙን ብቻ ለሚሰማ ልጅ ምን ልዩነት አለው?

ሁለተኛው ስድስት ኪሎ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። ካላያችሁት እዩት። ሕንጻው ራሱ ታሪክ ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ የታገቱት ሹማምንት የተገደሉት እዚያው ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት አሁንም ይጎበኛል። ልጆቼ ከሁሉም በላይ የወደዱት እሱን ነው፤ ወንዱ «ንጉሡም ይታጠብ ነበር?» ብሎ አስጎብኚውን አሳቀው። ደጅ ላይ ጣሊያን የተከለው ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ወደ የትም አያደርስም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። እሱን ሳታሳዩ ልጅ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት የዕቃዎቹ አደራደር ነው። በብሔር ወይም በክልል አይደለም የተደረደሩት። በሰው ዕድሜ ነው። ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ። ከአንዱ ጥግ የተወለደ ሰው በሌላው ጥግ ይቀበራል ማለት ነው። ልጆቹ ይህንን ወዲያው ያዙት። «አሁን ስንት ዓመታችን ነው?» እያሉ ነበር የሚዞሩት። ያን ቀን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም ፎቅ በአንድ ከሰዓት ላሳይ አልኩ። ደግሞም «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉ ስሙን ነግሮኛል። ከዚያ ወዲያ እኔም እንደነሱ ከተሜ ነኝ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት «ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?» አለች። አልጠየቅኋትም። አስቡት፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ የነካችውን ነገር ከግድግዳ ላይ ሳነብ እሷ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች።

እናም በቀጣዩ ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ እሷን ይዘን ወደ ትንሿ ሙዚየም ተመለስን።

ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ወስኜ ነበር። ሁሉንም አናይም። አምስት ዕቃ እናያለን፤ የሚመርጠውም እማዬ ናት። ይህን ለማንም እመክራለሁ። አረጋዊ ሰው ሦስት ክፍል ሙሉ መቆም ይከብደዋል። በረንዳ ላይ ወንበር መኖሩን ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። የምሳ ሰዓታቸውንም ጠይቁ፤ እኛ ስድስት ተኩል ደርሰን እስከ ስምንት ሰዓት ደጅ ላይ ዝናብ ስናይ ቆይተናል።

አስጎብኚዋ ወጣት ልጅ ናት። ትሁት ናት፣ የተማረችውን በሚገባ ይዛለች። «እማማ፣ ይግቡ፣ እዚህ ጋ ደረጃ አለ፣ ቀስ ይበሉ» እያለች ክንዷን ይዛ አስገባቻት። መንሽና ላይዳው ጋ ስንደርስ ነው እንግዲህ ያ ሳቅ የመጣው። ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ እናቴ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ የሰቀለው ሰው አውድማ አያውቅም» አለቻት። ልጅቷም ሳቀች። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አስጎብኚው ማን እንደሆነ ተገለበጠ።

እርሻው ጋ ብዙ ቆየን። ሞፈሩና ቀንበሩ ለየብቻ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። እናቴ ሴት ናት፣ በሬ ጠምዳ አታውቅም። ግን ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ስለኖረች የእያንዳንዱን ዕቃ ጠባይ ታውቃለች። ሞፈሩ ረጅሙ እንጨት ነው። ገበሬው የሚጨብጠው እርፍ ይባላል። ማረሻው ብረቱ ነው። ግራና ቀኝ አፈሩን የሚገፉት ሁለቱ እንጨቶች ድግር ናቸው። ማረሻውንና ድግሩን አንድ ላይ አንቆ የሚይዘው ብረት ወገል ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር ደግሞ ምራን። ልጄ ምራን ምን እንደሆነ ስትሰማ «እና የት አለ?» አለች። የለም። ሞፈሩም አለ፣ ቀንበሩም አለ፣ የሚያገናኛቸው ግን የለም። ቆዳ ስለሆነ አይጥ በልቶት ይሆናል፣ ወይም ያመጣው ሰው ዕቃ መስሎ አልታየውም። «ምራን ከሌለ በሬዎቹ ይሄዳሉ፣ ሞፈሩ ይቀራል» አለች እናቴ። ልጄ ይህን እስከ ዛሬ ትደግመዋለች። ቤት ውስጥ ቻርጀር ሲጠፋ «ምራኑ የለም» እንባባላለን።

ስለ አውድማው ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ዝቅ አለ። አውድማ ላይ ተጠንቅቆ ነው የሚወራው። እህል «አለቀ» አይባልም። «በረከተ» ነው የሚባለው። ትንሹ ልጄ «ብስኩቴ በረከተ» ማለት የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ትንሽ ያበዛዋል እንጂ ቃሉ ገብቶታል። ይህን ደግሞ የትኛው ጽሑፍ ላይ ታገኙታላችሁ? ዕቃው መስታወት ውስጥ ይገባል። ዕቃው አጠገብ የማይባለው ቃል አይገባም።

ከምርጫዋ ሁለተኛው ገሳው ነበር። ገሳ የዝናብ ልብስ ነው፣ ከሣር የተጎነጎነ። እረኛ ከራሱ እስከ ወገቡ ይለብሰዋል። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ጠንካራ ሣር አለ። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳም ይሆናል። ሣሩ የሚበቅልበትን ቦታ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ተነግሮ ይከፈታል። ያ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። እናቴ አዋጁን የምታስታውሰው በቀኑ አይደለም፤ «ሣሩን ሁሉም በፈለገ ጊዜ ማጨድ የጀመረ ጊዜ» ነው የምትለው። አስጎብኚዋ «ገሳ የሚለበሰው በየትኛው ወቅት ነው?» ብላ ስትጠይቃት «ከሐምሌ አቦ ወዲህ እስከ ቅዱስ ዮሐንስ» አለቻት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ገባኝ። ግድግዳው ላይ የአራቱ ወቅቶች ሠንጠረዥ አለ። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25፣ ከዚያ ክረምት። ትክክል ነው። እናቴ ግን በሕይወቷ «መፀው» ብላ አታውቅም። የእሷ ዓመት እሸት የሚበላበት፣ አጨዳ፣ ውቂያ፣ ጾም የሚገባበት፣ በልግ ይዘንባል አይዘንብም ተብሎ ሰማይ የሚታይበት፣ ከዚያ ጭቃ ነው። እናታችሁን ወይም አባታችሁን «በምን ወር?» ብላችሁ ብትጠይቁ አጭር መልስ ነው የምታገኙት። «ያን ጊዜ ምን ይበላ ነበር? ማን ቤት ነበራችሁ? ወንዙ ሞልቶ ነበር?» በሉ። ያኔ ይመጣል።

ሦስተኛው ወፍጮው ነው። እሱ በረንዳ ላይ ነበር፣ ያለ መስታወት። ጥቁር ድንጋይ፣ ላዩ ላይ መጁ ተቀምጧል። እናቴ ሳትጠይቅ ተንበረከከች። ደነገጥኩ፤ ጉልበቷን ያማታል። ልጅቷ «ግድ የለም፣ ይንኩት እማማ» አለች። እናቴ መጁን አልያዘችም መጀመሪያ። መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈችና ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ አስኬደችው። ዓይኗን ጨፍና።

«ዱልዱም ነው» አለች። «ሳይወቀር ነው ያመጡት።»

ወፍጮ ሲፈጭ ይለሰልሳል። ሲለሰልስ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አያደቀውም። ስለዚህ በየጊዜው በሹል ነገር እየተመታ ሻካራ መሆን አለበት። መውቀር የሚባለው እሱ ነው። የልጄን እጅ ይዛ ድንጋዩ ላይ አስኬደችው። «እዚህ ጋ ሸካራ ነው? አይደለም። እዚህስ? ትንሽ። እዚህ ጋ መጁ አይደርስም ነበር ማለት ነው።» ልጄ የአንድ የማታውቃትን ሴት እጅ ልክ በጣቷ አነበበች። ከዚያ ሞከረች። ያለ እህል፣ ሃያ ጊዜ ያህል ገፋች። ትከሻዋን ያዘች። «ስንት ሰዓት ነበር የምትፈጪው እማማ?» አለቻት። «ዶሮ ሳይጮህ ተነስቼ፣ እስኪነጋ» አለች እናቴ። «ይኼ ለአንድ ቀን እንጀራ ነው።»

ልጄ ምንም አላለችም። ያን ቀን ማታ ግን እንጀራዋን ጨረሰች።

ለወፍጮ የሚዜም እንጉርጉሮ አለ። አስጎብኚዋ ስልኳን አወጣችና «ቢያዜሙልን እንቅዳዎት?» አለች። እናቴ እምቢ አለች። ባዳ ፊት አይሆንም፣ ሐዘን ይመስላል አለች። ይህን ልብ በሉልኝ። ስልክ ስታወጡ ብዙ እናቶች ይዘጋሉ። እኔ ከሳምንት በኋላ ማጀት ውስጥ፣ እሷ ምስር ስትለቅም፣ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ «እቀዳለሁ እሺ?» ብዬ ፈቃዷን ጠይቄ ነው የቀዳሁት። አርባ ደቂቃ። ግማሹ ስለ ጎረቤት ነው፣ እሱን ለማንም አላሰማም።

አራተኛው የበዓላቱ ክፍል ነው። በበሩ በኩል የደመራ ትልቅ ፎቶ አለ። አስጎብኚዋ «የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ጥምቀት ደግሞ በ2012» አለች። ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓትና የሐረሩ ሹዋሊድም መመዝገባቸውን ጨመረች። እናቴ በአክብሮት ሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ማን ጋ ነው የተመዘገበው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ውጭ አገር እማዬ፣ ለዓለም።» «እሰይ» አለች። «እኛ እንኳ እናውቀው ነበር።»

ወንዱ ልጄ ግን ፎቶውን ዞርም ብሎ አላየው። ዓይኑ ጅራፉ ላይ ቀርቷል። ከገናው ዱላና ከጥንጓ አጠገብ ተጠቅልሎ የተሰቀለ የቡሄ ጅራፍ። «ይሄ ለምንድን ነው?» «ለማጮህ።» «ማንን ለመምታት?» «ማንንም። ለማጮህ ብቻ።» ማመን አቃተው። ለጩኸት ተብሎ ብቻ የተሠራ፣ አዋቂዎች የማይቆጡበት ዕቃ! የገናውን ደግሞ እናቴ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ ስትነግረው ይበልጥ ግራ ገባው። በዓመት አንድ ቀን ጌታውንም ቢሆን በዱላ ቅልጥሙን ብትለው አይቆጣም ማለት ነው።

ምክሬ እዚህ ላይ ነው። ሙዚየም የሚሄዱት በዓሉ ሊደርስ ሲል ነው እንጂ ካለፈ በኋላ አይደለም። እኛ የሄድነው ቡሄ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ ነሐሴ 13 ነው መቼም። ከሙዚየሙ ወጥተን መንዝ አጎቴ ቤት አደርን። አጎቴ ለልጁ ከቃጫ ጅራፍ ጎነጎነለት። እጀታው ጋ ወፈር፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ። ጫፉ ላይ ሾል ያለ ቀጭን ነገር ይቀራል፤ የሚጮኸው እሱ ነው። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ራሱን ብቻ ገረፈ። በሦስተኛው ቀን ጮኸለት። ፊቱን ብታዩት!

አዲስ አበባ ስንመለስ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ አጮኸው። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብለው «ምንድን ነው የሚተኮሰው?» አሉ። «ቡሄ እኮ ነው ጋሼ!» አለ ልጄ። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ወረዱ። ቀምተውት የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። «እንዲህ አይደለም፣ አምጣው» ብለው ሁለት ጊዜ አጮኹትና መልሰው ሰጡት። አጨብጭበንላቸዋል።

በየአገራችሁ ያለውን ወቅት እናንተ ታውቁታላችሁ። ዋግና ላስታ ከሆናችሁ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሻደይና አሸንድዬ ነው። ሐረር ከሄዳችሁ ደግሞ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡትን ሙዚየም ሳታዩ እንዳትመለሱ። ደቡብ ኦሞ ላይ ጂንካ፣ ኮንሶ ላይም የዋካ ሐውልቶቹ ያሉበት አለ። የትም ይሁን የት፣ ደንቡ ያው ነው። የዚያን አገር አረጋዊ ፈልጉ። የእናንተ እናት የዚያ አገር ሰው ካልሆኑ አስጎብኚውን «ይህን የተጠቀመበት ሰው እዚህ ከተማ ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ዘበኛው ነው።

አምስተኛው ላይ ነው ማማረሬ።

ከሦስት ዓመት በፊት አጎቴ የሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ ሲያለብስ ብዙ የድሮ ዕቃ ሊጣል ነበር። ወንድሜ አዳነው። አንድ ገንቦ፣ አንድ ያረጀ ባና፣ ደግሞ አያቴ የተወችው አንቀልባ። ባናው የመንዝ በግ ጠጉር ነው፣ እንደ ግድግዳ የወፈረ። አንቀልባው የለፋ ቆዳ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ዛጎል የተሰፋበት። አያቴ እናቴን አዝላበታለች። እናቴ እኔንና ወንድሜን አዝላበታለች። ሦስቱንም ወደ ሙዚየሟ ወስዶ ሰጠ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉት፣ መዝገብ ላይ ጻፉት፣ አመሰገኑት። ወረቀት አልሰጡትም። እሱም አልጠየቀም። በመጀመሪያው ጉብኝቴ ስፈልገው «ገና መጋዘን ነው» ብለውኝ ነበር።

አሁን መስታወት ውስጥ አለ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «አንቀልባ። ከቆዳ የተሠራ። ልጅ ለማዘል ያገለግላል።»

እናቴ ረጅም ሰዓት አየችው። «ያኛው ዛጎል የጎደለበት» አለች በመጨረሻ፣ በጣቷ እያሳየች፣ «ጥርስ ስታወጪ አንቺ ነሽ የነቀልሽው።» ልጆቼ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። አንድ ባዶ ክር አለ፣ ዛጎል የሌለው። እኔ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ጥርሴ የት እንደነበረ አየሁ። አስጎብኚዋ ይህን አታውቅም። ማንም አልነገራትም። መዝገቡም የሚያውቀው የወንድሜን ስምና ቀኑን ብቻ ነው። የዚህን ጥፋት ግማሹን ለእነሱ፣ ግማሹን ለእኛ ሰጥቻለሁ።

ስለዚህ ዕቃ ልትሰጡ ካሰባችሁ ዕቃውን ብቻውን አትስጡ። አንድ ገጽ ጻፉ። ማን ሠራው፣ ከየት ቀበሌ ነው፣ ማን ተጠቀመበት፣ በምን ወቅት፣ የቱ ጋ ተሰብሮ ማን ጠገነው። የባለቤቷን ፎቶ ካላችሁ ኮፒውን አያይዙ። ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱ ላይ ማኅተም አስመቱ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ጻፉበት። ለዘለቄታው ነው የሰጣችሁት ወይስ በውሰት? እሱንም በጽሑፍ አድርጉት። ወንድሜ ይህን ሁሉ ለባናው ዘግይቶም ቢሆን አድርጓል። ደግሞም ከውጭ የመጣ ዘመድ የድሮ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ላይ ዓይኑን ከጣለ የቅርስ አዋጁን፣ 209/1992ን አስታውሱት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቦሌ ላይ ከሚያፍር ቤት ውስጥ ቢያኮርፍ ይሻላል።

ጽሑፉ ቢስተካከል ብዬ ለአስጎብኚዋ ሁሉንም በወረቀት ጻፍኩላት። መንሽና ላይዳውን፣ ወፍጮውን፣ አንቀልባውን። «ለኃላፊው አቀርባለሁ» አለች። ስልኳንም ሰጠችኝ። እናቴ ስትወጣ ጉንጯን ሳመቻትና «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ጠይቂ፣ ሰው አይናቅም» አለቻት።

በጥር ወንድሜ ለጥምቀት ሲያልፍ ጎራ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። መንሹ መንሽ ሆኗል፣ ላይዳውም ላይዳ። ወፍጮው ሥር «ይንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ይሄ የማን ሐሳብ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አንቀልባው ጋ ያለው ጽሑፍ ያው ነው። ፎቶውን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። ስልኩን አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች።

«ጠፍሩን ገልብጠው ነው ያሰሩት» አለች። «ልጁ ይወድቃል።»